አራት ተማሪ፣ አንድ አስጠኚ፦ ስለ ትንሽ ቡድን ጥናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች ከአንድ አስጠኚ ጋር ቁጭ ብለው የሚማሩበት መንገድ አዲስ ነገር አይደለም። ስለሱ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ የተደበላለቀ ነው። ከሚባሉት ነገሮች አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው። ለዚህም ይመስለኛል በቀላሉ ከሰው አእምሮ የማይወጡት።

«ለብቻው ካልተማረ ምን ዋጋ አለው?»

አንድ ለአንድ ማስጠናት በአማካይ ይበልጣል፤ ይህ አይካድም። ልዩነቱ ግን ሰው የሚገምተውን ያህል አይደለም። ኤዱኬሽን ኢንዳውመንት ፋውንዴሽን የተባለው የእንግሊዝ ተቋም ከተለያዩ አገሮች ጥናቶችን አሰባስቦ አስልቷል። በዚህ ስሌት አንድ ለአንድ የተማሩ ልጆች በዓመት ውስጥ በአማካይ የ5 ወር ተጨማሪ እድገት ያሳያሉ። በትንሽ ቡድን የተማሩት ደግሞ የ4 ወር። ክፍያው ለአራት ሲካፈል ብዙ ቤተሰብ ልጁን በሳምንት አንዴ ከማስጠናት ይልቅ ደጋግሞ ማስጠናት ይችላል። ያቺ የአንድ ወር ልዩነት እዚህ ጋ ልትካካስ ትችላለች።

ለአንድ ለአንድ ጥናት ዝና የሰጠው አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአስጠኚ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በመደበኛ ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን ያህል ትልቅ ልዩነት አላገኙም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ብሉም ራሱ አስጠኚው በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ሊይዝ እንደሚችል አስቀምጧል።

«ማጠናከሪያ ለሰነፍ ተማሪ ነው»

ልጅ ታሞ ሁለት ሳምንት ከክፍል ሊቀር ይችላል። ትምህርት ቤት ቀይሮ አንድ ምዕራፍ ሳይማር ሊያልፈው ይችላል። በተለይ ሒሳብ የዛሬው በትናንቱ ላይ የሚቆም ትምህርት ነው፤ አንድ ቦታ የተፈጠረ ክፍተት ከዓመታት በኋላ ብቅ ይላል። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ልጁን መበደል ነው።

«ጥሩ አስጠኚ ማለት አሳምሮ የሚያስረዳ ነው»

ለእኔ ከሁሉም በላይ ጉዳት ያለው አመለካከት ይሄ ነው። አስጠኚው ለአርባ ልጅ የሚያደርገውን ገለጻ ለአራት ልጅ ከደገመው ቡድኑ ትንሽ መሆኑ ምንም አልጠቀመም። ጥቅሙ ያለው አስጠኚው የልጁን አሠራር ማየት መቻሉ ላይ ነው።

ክፍልፋይ መደመርን እንውሰድ። አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። በትልቅ ክፍል ውስጥ መምህሩ ኤክስ ያደርግበትና ወደ ሌላው ደብተር ያልፋል። ልጁ ያደረገው ግን ግልጽ ነው፦ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደመረ። በትንሽ ቡድን አስጠኚው ጊዜ አለው። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያንሳል። «ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረህበት እንዴት አነሰ?» እዚህ ላይ ልጁ ዝም ይላል፤ ማሰብ ጀመረ ማለት ነው። አጠገቡ ያለችው ልጅም ያንኑ ስህተት ሠርታ ከሆነ ሳትጠየቅ የራሷን ወረቀት ታያለች። አንድ ለአንድ ጥናት ላይ ይህ የለም።

እንግዲህ አስጠኚ ሲመረጥ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በሰዓቱ ውስጥ ይበልጥ የሚያወራው ማን ነው? አስጠኚው ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌክቸር ሆኗል።

«ዓይን አፋር ልጅ በቡድን ውስጥ ይደበቃል»

መደበቅ የሚመቸው በአርባ ልጅ መሀል ነው። አራት ሰው ባለበት ተራው ቶሎ ይደርሳል፤ ተሳስቶ የሚያፍረውም በሦስት ሰው ፊት ነው።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር! ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ግን መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚሉ ልጆችም መናገር ጀመሩ። በትንሽ ቡድን ይህን ያህል መታገስ አይከብድም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁሉንም ቀድሞ የሚመልስ ፈጣን ልጅ ካለ ሌሎቹ በእሱ ይመካሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉም መልሱን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ይነገራል።

«ከክፍል ያነሰ ሁሉ ትንሽ ቡድን ነው»

አይደለም። ያው የእንግሊዙ ተቋም እንደሚለው ቡድኑ ከስድስት ወይም ከሰባት ልጅ ሲያልፍ ውጤቱ በግልጽ ይቀንሳል። አሥር ልጅ ሰብስቦ «ትንሽ ቡድን» ብሎ ማስከፈል ገበያ ነው።

ከቁጥሩ እኩል የሚያሳስበው አመዳደቡ ነው። አንድ ክፍል መማር ብቻውን ልጆችን ለአንድ ቡድን አያበቃም። አንዱ ማባዛት ላይ ከተያዘ፣ ሌላው አልጀብራ ላይ ከሆነ፣ አስጠኚው ሁለት ቦታ ይሮጣል። ተመሳሳይ ክፍተት ያላቸው ልጆች አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል፤ ክፍተቱ ሲሞላ ደግሞ ቡድኑ ይቀያየራል።

«ፈተና ሲደርስ አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃል»

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ግምገማ በማስጠናት ላይ የተደረጉ 96 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። በአጠቃላይ ማስጠናት ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል። በተለይ የጠቀሙት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚሰጡ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ የሚካሄዱ እና ሥልጠና ባላቸው ሰዎች የሚመሩ ናቸው። የፈተና ሰሞን ሩጫ ሸምድዶ ለመግባት ይረዳ ይሆናል። የሦስት ዓመት ክፍተት ግን አይሞላም።

«የቤት ሥራውን ጨርሶ ከመጣ ተምሯል»

አራት ልጅ ባለበት አንዱ ሠርቶ ሦስቱ ሊገለብጡ ይችላሉ። ደብተሩ ሙሉ፣ ጭንቅላቱ ባዶ። ወላጅ ማጣራት ከፈለገ፣ ከጥናቱ ሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሮ ይስጠው። ደብተር ሳያይ ይሥራው። ካቃተው መቆጣት አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ከነስህተቱ ለአስጠኚው መላክ ነው። አስጠኚውም ቀጣዩን ሰዓት ከዚያ ይጀምራል።