«ሰው የለኝም»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የመጻጉዕ እሑድ ነው፤ ጌታ የፈወሰው ድውይ፣ መጻጉዕ፣ የሚታሰብበት የዐቢይ ጾም ሰንበት። ከቅዳሴ ወጥተን ግቢው ውስጥ ቆመናል። ነጠላ እያስተካከልን ስለ ስብከቱ እናወራለን። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእትዬን ነገር ሰማችሁ? ያ በሽታ ነው አሉ» አለ። ካንሰር ማለቱ ነው። ስሙን መጥራት እንፈራለን፤ የጠራነው እንደሆን የሚመጣብን ይመስለናል። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። አንዲት እህት ደግሞ «ምን አድርገው ይሆን?» አለች።

ምን አድርገው ይሆን! ስብከቱ ካለቀ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም እኮ።

እሷን ለይቼ ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ተነሥቼ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን እንደገና አነበብኩት።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ፣ በአምስቱ መመላለሻ ብዙ ድውያን ተኝተዋል፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናልና ያን ይጠብቃሉ። አንዱ 38 ዓመት ታሟል። ጌታ መጣና «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። ሰውዬው አዎ ወይም አይ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ የለም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ይቀድመኛል አለ። ወረፋ ነው ነገሩ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር መጥቶ እዚያ በር ላይ ተራ የጠበቀ ሰው «ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል» የምትለዋን ቃል ማንም ሳይተረጉምለት ያውቃታል።

እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጌታ ጠየቀው። በእኛ ቋንቋ የታመመን ሰው ማየት «መጠየቅ» ይባላል። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ወንጌል ያነበብንበት ቃል ነው። እኛ ግን ብርቱካን ይዘን ሄደን፣ ተቀምጠን፣ አውርተን፣ «እግዜር ይማርዎት» ብለን ስንወጣ አንድም ነገር አልጠየቅንም። ጥየቃ ያለ ጥያቄ። እሱ ግን ሁሉን እያወቀ ጠየቀ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ሰማ።

በማግስቱ እትዬ ቤት ሄድኩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የማኅበራችን እናት ናቸው፣ ስንቶቻችን ከእጃቸው ዳቦ በልተናል። የጡት ካንሰር ነው። ሁለተኛውን ኬሞ ወስደዋል። በነጭ ሻሽ ጭንቅላታቸውን አስረው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። «ሰው እየመጣ ይጠይቅዎታል አይደል?» አልኳቸው።

«ሰውማ መች አጣሁ ልጄ። ትናንት ብቻ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አንዷ ‹የእኔም አክስት በዚሁ ነው የሞተችው› አለችኝ። አንዱ ያልተደረገልኝን ምርመራ ዘረዘረልኝ። አንዷ ደግሞ ስታለቅስ እኔው አባበልኳት። ዶሮ ወጥ አምጥተው ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ የሽንኩርት ቁሌት ሲሸተኝ አንጀቴ ነው የሚገለበጠው። ማንም ግን ምን ይሻልሻል አላለኝም።»

አፈርኩ። እኔም ይዤ የሄድኩት ጥቅስ ነበር፤ በመንገድ ላይ ስለማመደው ነው የሄድኩት። ዋጥኩትና «ምንድን ነው የሚከብድዎት?» አልኳቸው።

ሞት ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሌሊቱ» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ፀጉሬን ትራሱ ላይ ሳገኘው። ደግሞ ጾሙ። ሐኪሙ እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ አለኝ። በዐቢይ ጾም! ለንስሐ አባቴ መንገር አፈርኩ።»

ሰውነታቸው አልቆ የሚጨነቁት ስለ ጾም ነው! ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት። የንስሐ አባታቸው ያን ቀን ማታ መጥተው ፈቀዱላቸው፣ ጸሎት አደረሱላቸው። ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚመስለን ምሥጢረ ቀንዲልም፣ ካህን ጸልዮ ዘይት የሚቀባበት፣ ለሕሙማን የተሠራ ነው። «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ይላል ያዕቆብ፣ ምዕራፍ 5። የሚሞት አላለም።

ወደዚያች «ምን አድርገው ይሆን» ልመለስ፤ አልለቀቀችኝም። ጌታ መጻጉዕን ከፈወሰው በኋላ «ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ኃጢአት አትሥራ» ብሎት የለም ወይ የሚል ይኖራል። ብሎታል። ከፈወሰው በኋላ ነው ያለው፤ ያለውም ልብንና ኩላሊትን የሚመረምረው ጌታ ነው። አንተ የእትዬን ልብ ተወው፣ የላቦራቶሪ ውጤታቸውንም አላየህ። ያው ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም» ማለቱን ግን እንዘለዋለን።

አባቶቻችን ሲተረጉሙ ይህ መጻጉዕ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው ነው ይላሉ። እስቲ አስቡት። የዳነው ሰው መቺው ነው። ጌታ የሚመታውን እጅ እያወቀ ነው ያጸናው። እንግዲህ ፈውስ የጥሩነት ደመወዝ ከሆነ ይሄ ሰው እንዴት ዳነ? በሌላ በኩል የጨርቁ እራፊ ድውይ የሚፈውስለት ቅዱስ ጳውሎስ ጓደኛውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ለጢሞቴዎስም ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎ ጽፎለታል። ጥሮፊሞስን እምነት ጎደለው ያለ የለም። ዛሬ ቢሆን ግን የእኛ ሰፈር ሰው አይምረውም ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ እጠየቅበታለሁ። «መድኃኒቱን ጣሉና ጸበል ግቡ፣ ሁለቱ አይሄዱም» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ አቁሙ። እኔ በጸበል አምናለሁ፣ የዳነ ሰውም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሲታመም ኢሳይያስ የሠራለት የበለስ ልጥፍ ነው፤ ነቢይ ሆኖ። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ቶሎ ከተደረሰባቸው የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ብዙ እህቶቻችን ግን ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ከተሰራጨ በኋላ ነው። ከመዘግየታቸው ጀርባ አንዳንዴ የእኛ ምክር አለ። በስመ እግዚአብሔር ሰው አንግደል።

ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙትን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ሳስብ እቀናለሁ። የራሳቸውን ሐዘን ይዘው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥቶ ማደሪያ ላጣ ሕመምተኛ ማረፊያ አዘጋጁ። «ሰው የለኝም» ላለው ሰው ሆኑለት። እኛ እድር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን። ለኬሞ ቀጠሮ ታክሲ የሚይዝ ግን ስንፈልግ ሁላችንም ሥራ አለን።

አሁን ታማችሁ ይህን ለምታነቡ። በተለይ በዚያ በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለምታነቡት።

ብታለቅሱ እምነት የላችሁም ማለት አይደለም። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ እጅግ አለቀሰ። የመጣለት መልስ «እንባህን አይቻለሁ» የሚል ነው። 15 ዓመትም ተጨመረለት። ያም ሲያልቅ ሞተ። እናንተን ትድናላችሁ ብዬ አልምልላችሁም፤ እሱ የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ የሚምሉላችሁንም ተጠንቀቁ። መዝሙረ ዳዊት 40 ላይ ያለችውን ግን ይዛችሁ እደሩ፦ «እግዚአብሔር በደዌው አልጋ ሳለ ይረዳዋል» ትላለች፤ ቀጥላም መኝታውን ያነጥፍለታል ትላለች። ከአልጋው ሲነሣ አላለችም። በአልጋው ሳለ። የሰማይና የምድር ንጉሥ የሕመምተኛ አልጋ ሲያነጥፍ! እናት ናት እንዲህ የምታደርገው፤ ላብ የነካውን ገልብጣ፣ ትራሱን አራግፋ።

ይህን ጥቅስ ለእትዬ ያነበብኩላቸው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ራሳቸው «እስቲ አንድ ነገር አንብብልኝ» ሲሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ዝም አሉ። የተኙ መስሎኝ ቀስ ብዬ ልነሣ ስል ፈገግ አሉ።

«እሱ የሚያነጥፍ ከሆነማ» አሉ፣ «ዛሬ አንሶላ አልቀይርም። አንተ ግን ቁጭ በል። ሐሙስ ሦስተኛው ኬሞ ነው፣ ማን እንደሚወስደኝ አሁን እንነጋገር።»