ዩሮስታይል፦ በክብና በአራት ማዕዘን መካከል ያለ ቅርጸ ፊደል

ዩሮስታይል በጣሊያናዊው የፊደል ነዳፊ በአልዶ ኖቫሬዜ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በቱሪን ከተማ በነበረው የኔቢዮሎ ፊደል ማምረቻ አማካይነት ለገበያ የቀረበ የላቲን ቅርጸ ፊደል ነው። ሳንሰሪፍ ከሚባሉት፣ ማለትም በጭረቶቻቸው ጫፍ ላይ ቅጥያ ከሌላቸው ፊደላት ወገን ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በጂኦሜትሪያዊ ቅርጽ ላይ ከተመሠረቱት ይመደባል።

መሠረቱ የተጣለው ግን አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኖቫሬዜ ከአሌሳንድሮ ቡቲ ጋር በ1952 ያወጣው ማይክሮግራማ የተባለ ቅርጸ ፊደል ንዑሳን (ትንንሾቹ የላቲን) ፊደላት ስላልነበሩት ለርዕስና ለድርጅት ስም እንጂ ለተከታታይ ጽሑፍ አይመችም ነበር። ዩሮስታይል ንዑሳኑን ጨምሮ ይህን ክፍተት ሞላ።

የዚህን ፊደል ጠባይ ለመረዳት የላቲኑን ኦ በቅርበት ማየት ይበቃል። በ1927 የወጣው የጀርመኑ ቅርጸ ፊደል ፉቱራ ዓቢዩን (ትልቁን) ኦ በኮምፓስ የተሣለ የሚመስል ክብ ሲያደርገው፣ ኖቫሬዜ ግን ወደ አራት ማዕዘን አቅርቦት ማዕዘኖቹን አለዘበ፤ ጎኖቹንም ፍጹም ቀጥ ከማድረግ ይልቅ በጥቂቱ ወደ ውጭ አጎበጣቸው። ውጤቱ የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን መስኮት ይመስላል። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሠሪዎች ለጠፈር መንኮራኩር ሰሌዳዎችና ለኮምፒውተር መስኮቶች ደጋግመው የመረጡትም የቴክኖሎጂን መንፈስ በግልጽ ስለሚያንጸባርቅ ነው።

የጎኖቹ ጉብታ ጥቃቅን ነገር ቢመስልም የፊደሉ ውበት በአብዛኛው ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከብረት የኅትመት ፊደል ወደ ኮምፒውተር በተሸጋገረበት ጊዜ በተሠራጩት ቅጂዎች ጉብታው ጠፍቶ ጎኖቹ ቀጥ በማለታቸው፣ ፊደሉ ከቀድሞው ይልቅ የደረቀ መልክ ይዞ ቆይቷል። በ2008 የፊደል ነዳፊው አኪራ ኮባያሺ ላይኖታይፕ ለተባለው የቅርጸ ፊደል ድርጅት ባዘጋጀው ዩሮስታይል ኔክስት የብረቱን ፊደል መነሻ አድርጎ ኩርባዎቹን መለሰ፤ ለዋናው ሥራ የሚገባውን ክብር የሰጠ እርማት ነው።

ዛሬ በነጻ ከሚገኙት መካከል በቨርነን አዳምስ የተሠራው ሚክሮማ የማይክሮግራማን ፈለግ ሲከተል፣ የማት ማኪነርኒው ኦርቢትሮን የአራት ማዕዘኑን ጠባይ ይበልጥ ያጎላዋል። ሁለቱም ሰፋፊ ስለሆኑ በስልክ ገጽ ላይ ብዙ ቦታ ይወስዳሉ፤ በተጨማሪም ክብ መሆን የሚገባቸው ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ቅርጽ ስለሚጠጉ፣ መጠናቸው ሲያንስ ኦ ከዲና ከዜሮ ጋር በቀላሉ ይምታታል። በዚህ ምክንያት ለርዕስ፣ ለአርማና ጎልተው ለሚታዩ ቁጥሮች ማዋሉ፣ ረጅሙን ጽሑፍም ለሌላ ቅርጸ ፊደል መተዉ ይመረጣል።