የትናንቱን ብርሃን በዛሬው አዳራሽ፦ የቱር መብራት ቴክኒሻን ሕይወት

ኮንሰርት አይቶ የወጣ ሰው ዘፋኙን ያስታውሳል። ከዘፋኙ ጀርባ ድንገት ቦግ ያለውን ሰማያዊ ብርሃንም አይረሳም። ያንን መብራት ጠዋት ከመኪና አውርዶ የሰቀለውን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ፈትቶ የጫነውን ሰው ግን አላየውም። ሰውዬው ጥቁር የሚለብሰውም እንዳይታይ ነው።

የቱር መብራት ቴክኒሻን ከአንድ ባንድ ወይም ዘፋኝ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ የመድረኩን መብራት የሚተክል፣ የሚጠግን፣ መልሶም የሚነቅል ባለሙያ ነው። ቲያትር ቤት ተቀጥሮ የሚሠራው ባልደረባው የሚያውቀው ጣሪያ፣ የሚያውቀው ሶኬት አለው። የቱሩ ሰው ይህ የለውም። ትናንት የስፖርት አዳራሽ ነበር፣ ዛሬ አሮጌ ቲያትር ቤት ነው፣ ነገ ደግሞ ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ቢቀያየርም ብርሃኑ መቀየር የለበትም። መብራቱ ምን እንደሚመስል የሚያስበው ዲዛይነሩ ነው። ያንን ሐሳብ በየቀኑ በማያውቀው ቤት ውስጥ እንደገና የሚያመጣው ቴክኒሻኑ ነው። የሙያው ጥበብ መድገም ነው፤ እኔ ይህን ከመፍጠር አሳንሼ አላየውም።

ከፓር እስከ ኤልኢዲ

እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1970ዎቹ የቱር ዋናው ሠራተኛ ፓር 64 የሚባለው መብራት ነበር። ቁጥሩ የአምፖሉ ስፋት ነው፤ 64 የኢንች ስምንተኛ፣ ማለትም 8 ኢንች ወይም ወደ 20 ሳንቲ ሜትር። አንዱ አምፖል ብዙውን ጊዜ 1,000 ዋት ይበላል። ቀለም የሚገኘው ፊቱ ላይ ከሚደረግ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። አንድ መብራት፣ አንድ ቀለም፣ አንድ አቅጣጫ። ቀይም ሰማያዊም ቢጫም ያማረው ሦስት መብራት ይሰቅላል። መቶ ከተሰቀለ 100 ኪሎ ዋት ሆነ ማለት ነው። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ስለሚያነጣው ቴክኒሻኑ መቀስ ከእጁ አይለይም ነበር።

በ1981 ነገሩ ተገለበጠ። ዳላስ፣ ቴክሳስ የነበረው ሾውኮ የተባለ ኩባንያ በሞተር የሚዞርና ቀለሙን ራሱ የሚቀይር መብራት ሠራ። ስሙ ቫሪ ላይት ነው። የእንግሊዙ ጄነሲስ ባንድ ለሥራው ገንዘብ አወጣ፣ በዚያው ዓመት ቱርም ይዞት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ መብራት የብዙ መብራት ሥራ መሥራት ጀመረ።

ግን እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቋንቋ ነበረው። የአንዱ መቆጣጠሪያ ከሌላው ዕቃ ጋር አይግባባም። በ1986 የአሜሪካው የቲያትር ቴክኖሎጂ ተቋም ዲኤምኤክስ 512 የተባለውን የጋራ ቋንቋ አወጣ። በአንድ ገመድ 512 ቁጥሮች ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ነው። 0 ከሆነ ጠፍቷል፣ 255 ከሆነ ሙሉ በርቷል። ያኔ 512 የማይሞላ ይመስል ነበር። የዛሬው አንድ ተንቀሳቃሽ መብራት ብቻውን 30 ወይም 40 ቁጥር ሊወስድ ይችላል፤ ደርዘን ገደማ መብራት ገመዱን ይሞላዋል። ስለዚህ አሁን ትልልቅ ቱሮች ያንኑ ዲኤምኤክስ በኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ ጭነው ይልኩታል።

ኤልኢዲ ሲመጣ ኤሌክትሪኩ ቀነሰ፣ ሙቀቱም ቀነሰ። የቴክኒሻኑ ሥራ ግን አልቀለለም፤ መልኩን ቀየረ። ድሮ መብራት ሲበላሽ አምፖል ይቀየራል። ዛሬ የስህተት ኮድ ይነበባል፣ ክዳን ይከፈታል፣ የሞተር ቀበቶ ወይም ሰርኪት ቦርድ ይቀየራል፣ ሶፍትዌር ይጫናል።

አንዱ ቀን

መብራት ከሁሉም በፊት ይገባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። መድረኩ ላይ ከበሮና ድምፅ ማጉያ ከተደረደረ በኋላ በላዩ ቶን የሚመዝን ብረት ማንሳት አይቻልም።

ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሪገሮች ናቸው፤ ከባድ ዕቃ ከጣሪያ የሚያንጠለጥሉ ባለሙያዎች። ባዶው ወለል ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ምልክት አንድ የሰንሰለት ሞተር የሚንጠለጠልበት ነጥብ ነው። ሞተሩ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። በቱር ግን ወደ ላይ የሚሄደው የሰንሰለቱ ጫፍ ነው፤ ሞተሩ ጭነቱን ይዞ የራሱን ሰንሰለት እየበላ ይወጣል።

ከዚያ ትረስ ይገጣጠማል። ትረስ ከአሉሚኒየም ቱቦ የተበየደ፣ ጎን ለጎን የተያያዘ መሰላል የሚመስል ተሸካሚ ነው። ወገብ ከፍታ ላይ ሆኖ መብራቱ ይሰቀልበታል፣ ገመዱ ይዘረጋል፣ እያንዳንዱም ይሞከራል። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። መሬት ላይ በሁለት ደቂቃ የሚስተካከል የላላ ሶኬት 10 ሜትር ላይ ከወጣ በኋላ የደህንነት ቀበቶ ታጥቆ መውጣትን ይጠይቃል። አንድ ተንቀሳቃሽ መብራት 30 ወይም 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ዋናው ማንጠልጠያ ቢከዳ እንዲይዘው ደግሞ በየመብራቱ የብረት ገመድ ይታሰራል። ይህች ቀጭን ገመድ የተረሳችበት መብራት ካለ ትረሱ አይነሳም።

ኤሌክትሪኩ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ አገር 230 ቮልት ነው፣ ሌላው 120። ስለዚህ ቴክኒሻኑ የቤቱን ኤሌክትሪክ ሰው ቃል ሰምቶ ብቻ አይሰካም፤ በራሱ መለኪያ ያያል። ነጠላ ነጠላ የሆኑት ወፍራም ገመዶች ሲሰኩ የመሬት መስመሩ ይቀድማል፣ ከዚያ ኒውትራል፣ በመጨረሻ ፌዞቹ። ሲነቀሉ ተቃራኒው ነው። ቅደም ተከተሉን ለመሳሳት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ትረሱ ቦታው ሲደርስ ማነጣጠር ይመጣል። የመድረኩ ስፋት ከትናንቱ ይለያል፣ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ትናንት የዘፋኙ ደረት ላይ ያረፈው ብርሃን ዛሬ ከጀርባው ይወድቃል። ደግነቱ በመብራት መቆጣጠሪያው፣ በኮንሶሉ ውስጥ ቦታዎች በስም ተቀምጠዋል፤ «ዘፋኝ»፣ «ከበሮ»፣ «ሕዝብ»። «ዘፋኝ» የሚለው አንዴ ሲታረም በእሱ ላይ የቆመው ዘፈን ሁሉ አብሮ ይታረማል። ይህ ሥራ ጨለማ ይፈልጋል። ሌላው ቡድን ደግሞ ዕቃ ለመግጠም ብርሃን ይፈልጋል። በየቀኑ ድርድር ነው።

ብርሃን በባዶ አየር ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ያረፈበት ነገር ነው። ያ ከላይ የሚወርደው የብርሃን ዘንግ እንዲታይ የጭጋግ ማሽን ስስ ጭጋግ ይረጫል። ስለዚህ በር ከመከፈቱ በፊት ከቤቱ ኃላፊዎች ጋር ስለ ጭስ ጠቋሚው መነጋገር ግድ ነው። አለበለዚያ በሦስተኛው ዘፈን ላይ የእሳት አደጋ ደወል ይጮሃል።

ትዕይንቱ ሲጀመር ቴክኒሻኑ በመድረኩ ጎን፣ ከኤሌክትሪክ ሳጥኖቹ አጠገብ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ። ሌሎች ደግሞ ቀበቶ ታጥቀው፣ በገመድ መሰላል ትረሱ ላይ ወጥተው፣ ዘፋኙን በእጅ በሚከተለው መብራት ይዘው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። አንድ ቀለል ያለ ድምፅ በጆሯቸው ይመራቸዋል፤ «አንድ ቁጥር፣ ተዘጋጅ... ሂድ።» ሁሉ ነገር ደህና ከሄደ ቴክኒሻኑ ምንም አይሠራም። ያ ምንም አለመሥራት የጠዋቱ ሥራ ውጤት ነው።

የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ ሁለተኛው የሥራ ቀን ይጀምራል። ሕዝቡ አዳራሹን ለቆ ሳይጨርስ ባለጎማ ሳጥኖች ይገባሉ። ሥር ያለው መድረክ ካልተለቀቀ ትረስ አይወርድም፤ ስለዚህ ቀድሞ የገባው መብራት ከመጨረሻዎቹ ወጪዎች አንዱ ነው። ጠዋት በብዙ ሰዓት የተተከለው በሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይፈታል። ሁሉም ደክሟል፣ ሁሉም ቸኩሏል። የሚሸኘው ዕቃ ግን ጠዋት ከነበረው አንድ ኪሎ አልቀነሰም። የቱር ሥራ አስኪያጅ በሰው ቁጥር የሚቆጥብ ከሆነ በዚህ ሰዓት ባይቆጥብ እመርጣለሁ።

የጭነት መኪናው አሞላልም ዕውቀት ነው። ነገ መጀመሪያ የሚፈለገው ዛሬ መጨረሻ ይጫናል። በየሳጥኑ ላይ ቁጥርና ባለቀለም ፕላስተር አለ። ዕቃውን በየከተማው የሚያነሱት የዚያው ከተማ ሠራተኞች ናቸው፣ ቋንቋቸውም ሊለያይ ይችላል። ባለ ቢጫው ሳጥን በግራ በኩል መግባቱን ግን ማንም ያያል።

አውቶቡሱና ድንበሩ

መኪናዎቹ ሲዘጉ ቡድኑ ወደ አውቶቡስ ይገባል። ውስጡ ተደራራቢ ጠባብ አልጋዎች አሉ፣ እያንዳንዱ መጋረጃ አለው። ሰው የሚተኛው እግሩን ወደ ሹፌሩ አድርጎ ነው። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ግድግዳውን የሚመታው ጭንቅላት ሳይሆን እግር እንዲሆን ነው። ሽንት ቤቱ ለሽንት ብቻ መሆኑን አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል። የተዘጋ መጋረጃ ማለት አትንኩኝ ማለት ነው። እነዚህ ትንንሽ ሕጎች ወራት አብረው የሚኖሩ ሰዎችን ፍቅር ይጠብቃሉ።

የሹፌሩ ዕረፍት ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ የቀኑም መንዳት በመደበኛው 9 ሰዓት ነው። መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ይመዘግባል። የቴክኒሻኑን እንቅልፍ እንደዚያ የሚመዘግብለት መሣሪያ የለም። ይህ ልክ አይመስለኝም። ሌሊት 9 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የተነሳ ሰው በሰው አናት ላይ የሚንጠለጠል ብረት ያስራል።

ድንበር ሲመጣ ወረቀት ይመጣል። ዕቃው ለሽያጭ ሳይሆን ለጊዜው የገባ መሆኑን የሚያሳየው ሰነድ ኤቲኤ ካርኔ ይባላል፤ መነሻው በ1961 የተፈረመ ስምምነት ነው። የዕቃው ዝርዝር በሙሉ እዚያ ይሰፍራል፣ ሰነዱም ለአንድ ዓመት ያገለግላል። የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። የተበላሸ መብራት አንድ አገር ጥሎ መሄድ እንኳ ጣጣ አለው።

ሜዳ ላይ ሲሆን ትልቁ ፍርሃት ነፋስ ነው። በነሐሴ 2011 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ዐውደ ርዕይ ላይ ከማዕበል ቀድሞ የመጣ ነፋስ የመድረኩን ጣሪያ ጥሎ 7 ሰው ሞተ። ፍርሃቱ ግን ነፋስ ብቻ አይደለም፤ በሰኔ 2012 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ከሬዲዮሄድ ባንድ ኮንሰርት በፊት የመድረኩ ጣሪያ ያለ ነፋስ ተደርምሶ የባንዱ የከበሮ ቴክኒሻን ሞተ። ጥሩ ቡድን በስንት ነፋስ ጣሪያው እንደሚወርድ፣ በስንት ነፋስ ሰው ከሥሩ እንደሚለቅ ቀድሞ በጽሑፍ ይወስናል። ሕዝብ ሜዳውን ከሞላ በኋላ ይህን መወሰን ይከብዳል።

አብዛኛው ቴክኒሻን ፍሪላንስ ነው። በቀን ወይም በሳምንት ይከፈለዋል፣ ለምግብና ለትንንሽ ወጪ ውሎ አበል አለው። ቱር ከሌለ ክፍያ የለም። በ2020 ኮንሰርት በዓለም ዙሪያ ሲቆም ይህ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ሥራ አጣ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን በአሜሪካ የሙያው ሰዎች ሕንፃዎችን በቀይ ብርሃን አጥለቀለቁ። እርዳታ ሲጠይቁም የተናገሩት በሚያውቁት ቋንቋ ነበር።

ቤት መመለሱም ልምምድ ይፈልጋል። ልደት አምልጧል፣ ለቅሶ አምልጧል። ወራት ሙሉ ሰዓቱ በሌላ ሰው ሲወሰንለት የኖረ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ባለሙያዎቹ ስለዚህ ነገር ከቀድሞው ይልቅ በግልጽ መነጋገር ጀምረዋል፤ ጊዜው ነበር።

ብዙዎቹ ወደ ሙያው የገቡት በመጋዘን በኩል ነው። መብራት የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ገመድ መጠቅለል፣ መፈተሽ፣ ሌንስ መወልወል። ቱር ሲያልቅም ዕቃው የሚመለሰው እዚያው ነው። የድሮው ባለቀለም ፕላስተር ይላጣል፣ ሙጫው ይጠረጋል፣ እያንዳንዱ ገመድ እንደገና ይሞከራል። ሳጥኑ ላይ የሚቀጥለው ቱር ቀለም ይለጠፋል።