ልጆችን ከአማተር ሬዲዮ የሚያርቁ አባባሎች፣ እና እውነታው

አንድ ልጅ «እኔም ሬዲዮ ላይ ማውራት እፈልጋለሁ» ሲል ከትልልቆቹ የሚሰማው ብዙ ጊዜ «ይቅርብህ» ነው። ይከብዳል፣ ውድ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል ይሉታል። ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ አማተር ሬዲዮ ፈተና አልፈው ፈቃድና የጥሪ ምልክት (በሬዲዮ ላይ የሚታወቁበት የፊደልና የቁጥር መለያ) ያገኙ ሰዎች፣ ለእነሱ በተመደበ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የሚገናኙበትና ሙከራ የሚሠሩበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ዘፈን አይለቀቅበትም፣ አይነገድበትም። ጀማሪዎችን ሳግዝ ደጋግመው የሚገጥሙኝን አባባሎች ላንሳ።

«ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?»

ይሄን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ለመደዋወልማ ስልክ ይሻላል፤ አትከራከሩ። ብስክሌት የሚወድ ልጅ መኪና መኖሩ ጠፍቶት አይደለም።

ስልክ ስንደውል በመሃል ማማ አለ፣ ኬብል አለ፣ ድርጅት አለ። በአጭር ሞገድ ግን በሁለቱ ሰዎች መሃል ያለው ሰማይ ነው። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ያለውን ስስ አየር የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ለዚህ ነው ቀን ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረ አገር ማታ ድምጥማጡ የሚጠፋው፤ በሌላ ሞገድ ደግሞ ማታ ብቻ የሚመጣ አለ። ይሄን ለልጅ በቃል አታስተምሩት። ቀን የሰማውን ደብተር ላይ ያስፍር፣ ማታ እዚያው ሞገድ ላይ መልሱት። «የት ሄዱ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያኔ ንገሩት።

ይሄ ካልሳበው ጠፈር አለ። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ጠፈርተኞች ከተማሪዎች ጋር በአማተር ሬዲዮ ያወራሉ። ድምፃቸው የሚወርደው በ145.800 ሜጋኸርዝ ነው። ጣቢያው ሰማዩን አቋርጦ ለማለፍ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጅበት፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። በእጅ ሬዲዮ እንኳ ይሰማል።

«ዋጋው አይቀመስም»

አዲስ የወጡትን ሞዴሎች ካያችሁ፣ እውነት ነው። ግን ጀማሪ በእነሱ አይጀምርም። መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ለማዳመጥ ደግሞ በብዙ አገሮች ፈቃድ አይጠየቅም። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ መቀበያ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ ልጁ በስልኩ ብሮውዘር ገብቶ ሞገዱን ራሱ ማንሸራተት ይችላል።

አንቴናም ቢሆን ሽቦ ነው። 142.5ን በምትፈልጉት ሜጋኸርዝ አካፍሉ፣ የሽቦው ርዝመት በሜትር ይመጣል። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ገደማ ማለት ነው። መሃሉ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ የሬዲዮው ኬብል እዚያ ይገባል። ስሌቱንም ቆረጣውንም ለልጁ ተዉለት። ሽቦው ቢያጥር ሌላ ይቆርጣል። ሽቦው ሲሰቀል ግን አብራችሁ ሁኑ፤ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ፈጽሞ አይሰቀልም።

«ትልቅ ኃይል ያስፈልጋል» የሚሉም አሉ። አያስፈልግም። በ5 ዋት፣ ማለትም ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል በምትወስደው ኃይል፣ ሰማዩ ሲፈቅድ ውቅያኖስ ይሻገራል። ገንዘብ ካለ አንቴናው ላይ ይዋል።

«መጀመሪያ ሞርስ መማር አለበት»

ድሮ ነበር። (ሞርስ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላኪያ ነው።) በ2003 እ.ኤ.አ. የተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ የሞርስን ፈተና ግዴታነት ለየአገሩ ምርጫ ተወው፤ አብዛኞቹም አስቀሩት። ብቻ ሞርስን ከልጆች አትደብቁ። እንደ ሚስጥር ቋንቋ ስለሚያዩት ከእኛ ቶሎ ይይዙታል፣ ትንሽ ያስቀናል።

«ፈቃድ እስኪያገኝ ማይክ አይንካ»

ግማሹ እውነት ነው። ያለ ፈቃድ ብቻውን ማሰራጨት አይቻልም፣ በዚህ ቀልድ የለም። ነገር ግን ብዙ አገሮች ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በራሱ የጥሪ ምልክት እስከሠራ ድረስ ልጅ እንዲናገር ይፈቅዳሉ። የአገራችሁን ደንብ አይታችሁ ከተፈቀደ፣ ማይኩን ስጡት።

የሚሆነውን ልንገራችሁ። ልጅቷ ማይኩን ትይዛለች። ቁልፉን ትጫናለች። ጸጥ። ከዚያ ቁልፉን ትለቅና ማውራት ትጀምራለች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምንም አልሰማም፤ እሷ ግን «አልመለሰልኝም» ብላ ታኮርፋለች። ስለዚህ ሬዲዮው ሳይከፈት ተለማመዱ፦ ተጫን፣ ትንሽ ቆይ፣ ተናገር፣ ልቀቅ። ትንሽ ካርድ ላይ አራት መስመር ጻፉላት። የጥሪ ምልክቱ፣ በአልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ አነባበብ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ቃል እየተጠራ (ኤ አልፋ፣ ቢ ብራቮ)። የራሷ ስም ብቻ። የከተማ ስም። እና «5 9»፤ ንግግርህ ጥርት ብሎ፣ ድምፅህም በኃይል ገብቷል ማለት ነው። የቤት አድራሻ አይነገርም፤ ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም።

ካርዱን ይዞም የማይደፍር አለ። «እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ለሬዲዮ አይሆንም» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። በኮምፒውተር የሚሠራ ኤፍቲ8 የሚባል ዘዴ አለ። በ15 ሰከንድ ዙር አጫጭር መልእክት ይላላካል፣ ቃል መተንፈስ አያስፈልግም። ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው። እሱም በልጅነቱ የሬዲዮ አማተር ነበር።

«ፈተናውን ካለፈ በኋላ ራሱ ይቀጥላል»

እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ የጠፉት ከፈተናው በኋላ ነው። ልጁ ፈቃዱን ይዞ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ የሚሰማው ስለ ጉልበት ሕመም የሚያወሩ የጡረተኞች ድምፅ ነው። (ጡረተኞቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን የ13 ዓመት ልጅ ምን ይበላቸው?) እኩያ ፈልጉለት። በየዓመቱ በኦክቶበር ስካውቶች በዓለም ዙሪያ በሬዲዮ የሚገናኙበት ቅዳሜና እሁድ አለ። ዲሴምበር ደግሞ የወጣት አማተሮች ወር ነው። በቀሩት ወራት በሳምንት አንድ ቀን፣ በቋሚ ሰዓት፣ ከሌላ ጀማሪ ጋር አቀጣጥሩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናንተም ሬዲዮ ክፈቱና ጠብቁ፤ ጓደኛው ቢቀር የሚመልስለት ሰው አይጣ።