የፔስት ዲፎልት ምንድን ነው?

ከድረ ገጽ ላይ የቀዳችሁትን አማርኛ ዎርድ ላይ ስትለጥፉት የፊደሉ መጠን ይለያል፣ ከጀርባው ግራጫ ቀለም ይከተለዋል፣ መስመሮቹም ይራራቃሉ። ያንኑ ጽሑፍ ኖትፓድ በሚባለው የዊንዶውስ ተራ መጻፊያ ላይ ለጥፉት፤ ልሙጥ ሆኖ ቁጭ ይላል። ኮፒ የተደረገው አንዴ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ፔስቱ፣ ማለትም አለጣጠፉ ነው።

የፔስት ዲፎልት ማለት ይኸው ነው፦ ኮንትሮል ቪ ስትጫኑ፣ እናንተ ሌላ ነገር ካላዘዛችሁ በቀር ፕሮግራሙ በራሱ የሚመርጠው አለጣጠፍ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮንትሮል ሲ ስትነኩ ክሊፕቦርድ ወደሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ የሚገባው አንድ ቅጂ ብቻ አይደለም። ያው አንቀጽ በበርካታ መልክ ይቀመጣል። አንዱ ፊደሉ ብቻ ነው፤ ፎንት የለው፣ ቀለም የለው። ሌላው ድረ ገጾች የሚጻፉበት ኤችቲኤምኤል ነው፤ ድረ ገጹ ላይ የነበረውን መልክ ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። ከዎርድ የተቀዳ ከሆነ አርቲኤፍ የሚባለውም ይጨመራል። ሠርግ ቤት የጾሙም የፍስኩም ተዘርግቶ ሁሉም የሚስማማውን እንደሚያነሳው፣ ተቀባዩ ፕሮግራምም ከቀረበለት ውስጥ የሚያውቀውን ያነሳል። ኖትፓድ የሚያውቀው ልሙጡን ነው። ዎርድ ሁሉንም ያውቃል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከማወቁ ነው።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወይም አራት ኪሎ ካሉት የጽሕፈት ቤቶች ጎራ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይወጣም። ባለጉዳዩ የማመልከቻውን ግማሽ በስልኩ ጽፎት ይመጣል። ከአዋጁ የሚጠቅሰውን አንቀጽ ደግሞ ጸሐፊዋ ልጅ ከኢንተርኔት ፈልጋ ትለጥፍለታለች።

«የኔ እህት፣ ይሄ መሀሉ ላይ ያለው ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?»

«ከኢንተርኔት ስለመጣ ነው ጋሼ፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ጽሑፉን በማውሱ ትመርጠዋለች፣ ፎንቱን ትቀይራለች፣ መጠኑን 12 ታደርገዋለች። ግራጫው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ፎንት መቀየር የጀርባ ቀለምን አይነካም፤ እሱ ለብቻው የሚነሳ ነው። የሚያዋጣው አለማስገባቱ ነበር። ኮንትሮል ዜድ ብሎ መመለስ፣ ከዚያ እንደገና መለጠፍ፣ ከጽሑፉ ሥር ትንሽዬ ምልክት ብቅ ስትል ኮንትሮልን ነክቶ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ቲ። ፊደሉ ብቻ ይቀራል።

ዎርድ በዚያች ትንሽ ምልክት ሥር ዋና ዋና ሦስት ምርጫዎች አሉት። «ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ» የመጣበትን መልክ እንዳለ ያስቀምጣል። «መርጅ ፎርማቲንግ» ፎንቱንና መጠኑን ከእናንተ ጽሑፍ ጋር ያመሳስልና ደመቅ የተደረገውን ቃል ግን ይተወዋል። «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» ሁሉንም ይገፈዋል፤ ሥዕል ካለ ይጥለዋል፣ ሠንጠረዥ ካለም አፍርሶ ተራ መስመር ያደርገዋል።

ለረጅም ጊዜ የዎርድ ዲፎልት የመጀመሪያው ነበር። አስቡት፣ ይህ ጅልነት አይደለም። በራሳችሁ ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ ከገጽ 3 ወደ ገጽ 7 ስታዛውሩ ርዕሱ ርዕስ ሆኖ፣ የደመቀውም እንደደመቀ እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ። ችግሩ ከውጭ ለሚመጣውም ያው ግምት መያዙ ነው። ማይክሮሶፍትም የገባው ይመስላል፤ በቅርብ ዓመታት ከሌላ ፕሮግራም ለሚመጣ ጽሑፍ ዲፎልቱን ወደ መርጅ ቀይሮታል። የከተማችን ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዎርድ ግን ብዙ ጊዜ የቆየ ስለሆነ እዚህ ለውጡን ያየው ጥቂት ሰው ነው።

በእጅ መቀየርም ይቻላል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ስትገቡ ለአራት ሁኔታ አራት መስመር አለ፦ በአንድ ሰነድ ውስጥ፣ ከሰነድ ወደ ሰነድ፣ የሁለቱ ሰነዶች ስታይል ሲጋጭ፣ ከሌላ ፕሮግራም ሲመጣ። መነካት ያለበት የመጨረሻው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያስተካክል ሰው መርጅ ይሻላል ባይ ነኝ። ማመልከቻና ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ ጽሑፍ ብቻው ይበቃል። ጉግል ዶክስ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ቪ ልሙጡን ይለጥፋል። አዲሱ ዎርድም ይህንኑ ተቀብሏል። በአሮጌው ዎርድ ግን ይህ ቁልፍ ሌላ ሥራ ስለነበረው አትድከሙ።

እስካሁን ያልኩትን ከየትኛውም የኮምፒውተር መምሪያ ታገኙታላችሁ። «ፎርማቱን ገፋችሁ ለጥፉ» የሚለው ምክር ግን አማርኛ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ጉድ ያፈላል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የቁጥር መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሀ 4608 ነው፤ በየትኛውም ፎንት፣ በየትኛውም ስልክ ያው ነው። ከዚያ በፊት ግን የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች የነበራቸው ቦታ የላቲኑ ብቻ ነበር፤ ፎንቶቹም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲሠራባቸው ቆይቷል። ያኔ አንድ ፎንት ከ256 ምልክት በላይ መያዝ ስለማይችል ፊደላችንን አልበቃ አለው። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት አካፈሉት። ሌሎቹ የፊደሉን አካል በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ ገጣጠሙት።

ስለዚህ በእነዚያ ፎንቶች በተጻፈ ፋይል ውስጥ ዓይናችሁ «ኢ»ን ቢያይም ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ የላቲን ፊደልና ቃል አጋኖ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ያደረገው ፎንቱ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ «ቴክስት ኦንሊ» ብላችሁ ስትለጥፉት ፎንቱ ይወልቅና ማመልከቻው የላቲን ፊደል፣ ቃል አጋኖና ምልክት ድብልቅልቅ ያለበት ይሆናል። መርጅም አያድንም፤ እሱም ፎንቱን ይቀይረዋልና። እዚህ ላይ የተማረርንበት «ኪፕ ሶርስ» ብቸኛው ትክክለኛ ምርጫ ይሆናል፤ ያውም ፎንቱ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ነው። ከቆዩ የአዋጅ ፒዲኤፎች ኮፒ ስታደርጉ የሚመጣባችሁ የማይነበብ ነገርም ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከፋይሉ አንድ መስመር ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ግፈፉት። ካልመጣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፉት፤ ለማሳተም ብቻ ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱት። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አንስተው «በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሁሉ አሮጌ ነው» የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። የፎንቱ ስም ላይ ዩኒኮድ የሚል ካለ ሥጋት የለም።

ዩኒኮድ ሆኖም በአንድ መስመር ላይ ሁለት ዓይነት የአማርኛ መልክ ካያችሁ አትደንግጡ። ካሊብሪና መሰሎቹ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ዊንዶውስ በእነሱ ምትክ ናያላን ወይም ኢብሪማን ይተካል። አንዱን ፎንት መርጣችሁ ሙሉውን አንድ አድርጉት፣ አለቀ።

ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ዲፎልት ይገጥማቸዋል። ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ምንም ሳትመርጡ ኮንትሮል ሲ ብትሉ ጠቋሚው ያለበትን መስመር በሙሉ ይቀዳል። ለለመደው ምቹ ነው። ላልለመደው ደግሞ ቅድም የቀዳውን ነገር ያጠፋበታል። ቪም በሚባለው ሌላ መጻፊያ ውስጥም የሰረዛችሁት ነገር ቀድታችሁ የያዛችሁትን ተክቶ ይቀመጣል። ጀማሪ የሚበሳጭበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ «አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል» የሚለው አሠራር ዕድሜው ረጅም ነው። ካት፣ ኮፒና ፔስትን ዛሬ በምናውቀው መልክ የሠሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ ጂፕሲ በተባለ ጽሑፍ ማረሚያ ላይ። ቦታው በፎቶ ኮፒ ማሽኑ የምናውቀው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ነበር። ቴስለር በኋላ ወደ አፕል ሄደ፤ አሠራሩም ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፕል ኮምፒውተሮች ጋር ዓለምን አዳረሰ። ያረፈው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው።

ዊንዶውስ በ2018 እ.ኤ.አ. ለዚህ መላ አበጀ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ቪ ሲነካ ቀድሞ የተቀዱት እስከ 25 ድረስ ተደርድረው ይወጣሉ። በዲፎልት ዝግ ነው፤ መጀመሪያ ሲነካ ልክፈተው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለግል ኮምፒውተር ግሩም ነገር ነው። ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን የቀዳችሁት የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ፓስወርድ ለቀጣዩ ባለተራ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ያንኑ ቁልፍ ነክታችሁ «ክሊር ኦል» በሉት። ፒን የተደረገ፣ ማለትም እንዳይጠፋ ተብሎ የተሰካ ካለ በዚህ አይጠፋም፣ ሪስታርት ሲደረግም አይጠፋም፤ አንድ በአንድ መሰረዝ አለበት።