በረሮ በንግድ ቤት፦ በየከተማችን የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ይሁን ቡሬ ያለ የእህል መጋዘን፣ የደብረ ማርቆስ ካፌ ይሁን የፍኖተ ሰላም አልጋ ቤት፣ በረሮ ሲታይ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ልርጭበት?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ግን «የትኛው በረሮ ነው? የትስ ነው የሚያድረው?» የሚለው ነበር። ለመድኃኒት የሚወጣውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

«ትንንሾቹ የትልልቆቹ ልጆች ናቸው»

ብዙው ስሕተት የሚወለደው ከዚህ ነው። በንግድ ቤቶች በብዛት የሚያስቸግሩት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። የጀርመን በረሮ የሚባለው አድጎ ጨርሶም ከ1.1 እስከ 1.6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ባለው ጋሻ ላይ ሁለት ጥቋቁር መስመሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። የአሜሪካ በረሮ የሚባለው ደግሞ ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ የጋሻው ጠርዝ ወደ ቢጫ ያደላል። ስሙ አያሳስት፤ የአሜሪካው በረሮ መነሻው አፍሪካ ነው፤ ወደዚያ የተሻገረው በመርከብ ነው።

መለያው ክንፍ ነው። የበረሮ ልጅ ክንፍ የለውም። አንድ ሴንቲ ተኩል የሚሆን በረሮ ክንፍ ካለው ልጅ አይደለም፤ አድጎ የጨረሰ የጀርመን በረሮ ነው።

ይህን መለየት ሥራውን ሁሉ ይቀይረዋል። ትንሹ ተወልዶ የሚያድገው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፦ በፍሪጅ ሞተር ሥር፣ በማኪያቶ ማሽን ውስጥ፣ በባንኮኒ መገጣጠሚያ፣ በእቃ ማጠቢያው ጀርባ። ትልቁ ግን ባብዛኛው የሚኖረው በፍሳሽ ቱቦ፣ በማንሆልና በምድር ቤት ስለሆነ ወደ ክፍል የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። ለትልቁ ወጥ ቤቱን መርጨት ምንጩን ሳይነኩ ጅረቱን መጨለፍ ነው። ለትንሹ ማንሆል መርጨት ደግሞ የሌለበትን ቦታ መፈለግ ነው።

ለትልቁ በቅድሚያ የሚታየው የወለል ፍሳሽ መውረጃ ነው። ከመውረጃው በታች ባለው ሲፎን፣ ማለትም ውኃ በሚያቁረው ጠማማ ቱቦ ውስጥ፣ ውኃ ካለ በረሮው ብዙውን ጊዜ አያልፍም። ለሳምንታት ያልተከራየ የአልጋ ክፍል ሲፎኑ ይደርቅና መንገዱ ይከፈታል። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ክፍሉ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ከላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ቢደረግ ውኃው ቶሎ አይተንም። መውረጃው ላይ ደቃቅ ወንፊት፣ ቱቦው ግድግዳውን በሚበሳበት ክፍተት ሲሚንቶ ወይም ሲሊኮን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቱቦው በዝናብ ሲሞላ ትልልቆቹ ሽቅብ ስለሚወጡ ይህ ሥራ ሰኔ ሳይወጣ ቢያልቅ ይመረጣል።

«ደጋ ላይ በረሮ አይኖርም»

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በረሮው ግን የሚኖረው በከተማው አየር ሳይሆን በፍሪጁ ሞተር፣ በኮምፕሬሰሩ፣ ሙቀት ነው። ቀንና ሌሊት የሚሠራ ፍሪጅ ሥሩ ቆላ ነው። የእንጀራ ምጣድ፣ የዳቦ መጋገሪያና ከማታ እስከ ጠዋት የማይጠፋ የቡና ማሽንም እንዲሁ። ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት የጀርመን በረሮ ከተፈለፈለ በኋላ በ6 እና በ8 ሳምንት መካከል አድጎ ይጨርሳል፤ በቀዝቃዛ ቦታ ጊዜው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚቀየረው በረሮው የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ሙቀት ባለበት ጥቂት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ለፈላጊው እንዲያውም ይቀልለዋል።

«ቀን ላይ አንድ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት»

የጀርመን በረሮ ብርሃን ይሸሻል፤ ቀኑን ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ ያሳልፋል። የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ክፍተት ለልጆቹ ይበቃል፤ ያደገው ግማሽ ሴንቲ ካገኘ ይመቸዋል። ቀን ላይ በግልጽ ሲሄድ ከታየ ብዙውን ጊዜ መደበቂያው ሞልቶ ስለተጨናነቀ ነው፤ ያለዚያም በቅርቡ ፍሊት ተረጭቶበት ተበትኗል። አንዲት ሴት የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። በአንዱ ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይኖራል፤ በዕድሜዋም ከ4 እስከ 8 ከረጢት ታወጣለች።

ትክክለኛው ቆጠራ በወጥመድ ነው። የሚያጣብቅ የካርቶን ወጥመድ ከተገኘ ለአንድ መካከለኛ ወጥ ቤት ከ8 እስከ 10 ይበቃል። ካልተገኘ አፉ ጠበብ ያለ የማርማላታ ብርጭቆ ይወሰድና የአንገቱ ውስጠኛ ክፍል ቫዝሊን ይቀባል፤ ውጭው እንዲወጡበት በወረቀት ይጠቀለላል፤ ውስጡ በቢራ የተነከረ ዳቦ ይገባበታል። ወጥመዱ ክፍሉ መሐል ከተቀመጠ ከንቱ ነው፤ በረሮ ግድግዳ ታክኮ ነውና የሚሄደው ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በፍሪጁ ጀርባ፣ በማጠቢያው ሥር ይቀመጥ። እያንዳንዱ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ ይቆጠር። ክንፍ የሌላቸው ጥቃቅኖቹ የበዙበት ወጥመድ ከመደበቂያው አጠገብ ነው፤ ልጆቹ ከተወለዱበት ርቀው አይሄዱምና።

«በደንብ ከተረጨ ያልቃል»

በየሱቁ የሚሸጡት የሚረጩ መድኃኒቶች፣ ሳይፐርሜትሪንም ሆነ ዴልታሜትሪን፣ አብዛኞቹ ከአንድ የመድኃኒት ቤተሰብ ናቸው። የጀርመን በረሮ በብዙ የዓለም ክፍል ይህን ቤተሰብ ለምዶት በቀላሉ አይሞትበትም። ያልለመደውም ቢሆን ሽታው ሲደርሰው ይሸሻል፤ በኮርኒሱና በኤሌክትሪክ ቱቦው አድርጎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ተርታ ሱቆች ባሉበት ሕንፃ አንዱ ሲረጭ የሌላው የሚበዛው ለዚህ ነው። እንቁላሉ ደግሞ በከረጢቱ ስለሚጠበቅ ከርጭቱ ተርፎ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ «አንድ ጊዜ አስረጭተን መልሶ መጣ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ሄዶ የተመለሰ አይደለም፣ እዚያው የተወለደ ነው። ጠዋት በመጥረጊያ የሚሰበሰበው የሞተ በረሮም የሚናገረው ስለሞተው ብቻ ነው።

ለትንሹ በረሮ የተሻለው ጄል፣ ማለትም በመርዝ የተለወሰ ለስላሳ ማባበያ ምግብ ነው፤ ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ወይም ኢንዶክሳካርብ ያለበት። የሚሠራው ስለሚበላ ነው። የበላው መደበቂያው ገብቶ ይሞታል፤ ኩሱንና ሬሳውን የሚበሉት ልጆቹም ይከተሉታል። አጠቃቀሙ ላይ የሚሠሩት ስሕተቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ማብዛት ነው፦ አንድ ትልቅ ጭብጥ ከማስቀመጥ ምስር የሚያህሉ ብዙ ጠብታዎች፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ በስንጥቁ አፍ ላይ። ሁለተኛው ጄል ባለበት ላይ ፍሊት መርጨት ወይም በበረኪና መወልወል ነው፤ ምግቡ ተበክሎ በረሮው አይነካውም። ሦስተኛው ቅባቱን ሳያጸዱ ጄል ማድረግ ነው፤ ጥብስ የፈሰሰበት ምድጃ ሥር ማን ጄል ይበላል? በ2ኛውና በ4ኛው ሳምንት የደረቀውና የተበላው ይተካል። በረሮው ጄሉን መንካት ካቆመ ዓይነቱ ይቀየራል፤ በጄል ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ነገር መራቅ የተማሩ በረሮዎች መኖራቸው በጥናት ታይቷል።

«በዐቢይ ጾም ቤቱ ሲዘጋ በረሃብ ያልቃል»

ሥጋ ቤቶች ለ55 ቀን ይዘጋሉ፤ ባለቤቱ በትንሣኤ ዋዜማ ሲከፍት ንጹሕ ቤት የሚያገኝ ይመስለዋል። የጀርመን በረሮ ውኃ ካገኘ ያለ ምግብ አንድ ወር ያህል ይቆያል፤ ውኃ ካጣ ግን ሁለት ሳምንት አይሞላም። በሥጋ መቁረጫው ግንድ ስንጥቅ የደረቀ ደም፣ በሚዛኑ ሥር የረጋ ሞራ፣ የካርቶን ሙጫ፣ የራሱ ወገን ሬሳ ሁሉ ምግቡ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ጾሙን በሰላም ይፈታል።

ይሁን እንጂ ጾሙ ለጄል ዓመቱን ሙሉ የማይገኝ ጊዜ ነው፤ የሚሻማው ምግብ የለማ። በ1ኛው ሳምንት ግንዱን፣ ሚዛኑንና የፍሪጁን ሥር በፈላ ውኃና በሳሙና ማጽዳት፣ ቧንቧውን ማስጠገን። በ2ኛው ጄል፣ በ4ኛውና በ6ኛው መተካት፣ በ7ኛው ወጥመድ አስቀምጦ መቁጠር። የፍሪጁ በር ላስቲክ እጥፋት እንዳይረሳ፤ ቆሻሻ ቢመስልም ባይመስልም ልጆቹ እዚያ ይገኛሉ።

«የአይጥ በጠጥ ነው»

የትልቁ በረሮ ኩስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ መጋዘን ውስጥ ከአይጥ ጋር ይምታታል፤ ከዚያ የአይጥ መርዝ ይበተናል። በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ነው። የበረሮው ጫፉ ድፍን ሲሆን በርዝመቱ መስመሮች አሉት፤ የአይጥ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ጸጉርም ይገኝበታል። የትንሹ በረሮ ግን የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተረጨ ይመስላል፤ በቁም ሳጥን ማጠፊያና በሶኬት ዙሪያ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

«የነቀዝ መድኃኒቱ በረሮንም ይጨርሳል»

በእህል አገር ይህ እጅግ አደገኛው ሐሳብ ነው። ለነቀዝ የሚገዛው እንክብል፣ አልሙኒየም ፎስፋይድ፣ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በበር ሥር፣ በኮርኒስና በቱቦ ቀዳዳ አልፎ ጎን ወይም ፎቅ ላይ የተኛውን ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሰው በሚያድርበት፣ ሱቅና መኖሪያ በተያያዙበት ሕንፃ በምንም ምክንያት አይገባም። ለማሳ የተዘጋጀ ማላታይንም ለወጥ ቤት አይደለም።

«ቆሻሻ ቤት ብቻ ነው በረሮ የሚገባው»

ንጽሕና በረሮው እንዳይበዛ ያደርጋል፤ እንዳይገባ ግን አይከለክልም። የጀርመን በረሮ የሚገባው ተጭኖ ነው፦ በዓባይ በረሃ አቋርጦ በሚመጣው የብስኩት ካርቶን፣ በእንቁላል ትሪ፣ በለስላሳና በቢራ ሣጥን፣ ከሁሉም በላይ በተገዛ አሮጌ ፍሪጅ። ባለፈው ወር የተመረቀ ሕንፃም ከዚህ አያመልጥም። ካርቶኑ ነጭ ጨርቅ ላይ ይራገፍ፣ ዕቃው ወደ መደርደሪያ ይዛወር፣ ባዶው ካርቶን በዚያው ቀን ይውጣ። አሮጌ ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት የጀርባው ክዳን ተፈትቶ በባትሪ ይታይ፤ ኮምፕሬሰሩ ዙሪያ ነጠብጣብ ወይም ባዶ ከረጢት ካለ ውጭ ቆይቶ ጄል ይደረግለት፤ ከገባም በኋላ ለአንድ ወር ያህል ከሥሩ ወጥመድ አይለይ።