የገና ካክተስ፦ በረሃ የማያውቀው ካክተስ

ካክተስ ሲባል ትዝ የሚለን አሸዋ፣ ፀሐይና እሾህ ነው። የገና ካክተስ ግን የጫካ ልጅ ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ ብራዚል፣ ከሪዮ ዴ ጃኔይሮ ጀርባ ያሉት ጭጋጋማ ተራሮች ናቸው። እዚያ ዛፍ ላይ ወይም ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጠግቶ፣ በተጠራቀመው ብስባሽ ቅጠል ላይ ሥሩን ሰዶ ይኖራል። ከእኛው ቁልቋል ጋር ዝምድና የለውም፤ ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ የሌላ ቤተሰብ ተክል ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ሽሉምበርገራ ነው። በ1858 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስሙን ያወጣለት የዕፅዋት ተመራማሪው ቻርልስ ለሜር፣ ፍሬዴሪክ ሽሉምበርገር በተባለ ፈረንሳዊ የካክተስ ሰብሳቢ ነው የሰየመው።

የስሙ ነገር ግን ያምታታል። አሜሪካ ያላችሁ በኅዳር ወር ከሱቅ «የገና» ተብሎ የምትገዙት፣ የአንጓዎቹ (ቅጠል የሚመስሉት ተቀጣጣይ ጠፍጣፋ ክፍሎቹ) ጠርዝ እንደ ጥርስ የሾለ ከሆነ፣ እዚያው ሰዎች በኅዳር በሚያከብሩት በዓል ስም የምስጋና ቀን ካክተስ የሚሉት ነው። ቀድሞ ስለሚያብብ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ አበባው ብዙውን ጊዜ ረግፏል። እውነተኛው የገና ካክተስ ጠርዙ ለስለስ፣ ክብ ክብ ያለ ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዳቀለ ነው። ብራዚሎች ደግሞ «የግንቦት አበባ» ይሉታል፣ ምክንያቱም በእነሱ በኩል ሌሊቱ የሚረዝመው ያኔ ነው።

ዋናው ሚስጥር እዚህ ጋ ነው። እምቡጥ ለመያዝ ለስድስት ሳምንት ገደማ በየቀኑ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። ማታ አምፖልና ቲቪ የሚበራበት ሳሎን ውስጥ አስቀምጣችሁት «ለምን አያብብም?» ብትሉ መልሱ እሱ ነው። ቅዝቃዜ ግን ያግዛል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ቦታ የሌሊቱ ርዝመት ያን ያህል አያሳስብም። አዲስ አበባ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው ውለታ የሚውለው። ውርጭ ግን ይገድለዋል።

ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው። እኔ የመጀመሪያዬን «ካክተስ አይደል፣ ይችለዋል» ብዬ በረንዳ ላይ አውጥቼ እንደ በርበሬ አቅልቼዋለሁ።

ውኃ የምታጠጡት የላይኛው አፈር ሲደርቅ ነው፣ ጣት ከትቶ ማየት ይበቃል። በደንብ አጠጡት፣ ከሥር ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። አንጓዎቹ ከጠወለጉ ቶሎ ብላችሁ ውኃ አትጨምሩ፤ ሲጠማውም ሥሩ ሲበሰብስም የሚያሳየው መልክ አንድ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። አፈሩ ውኃ የማይቋጥር፣ ኮምፖስትና ሸካራ አሸዋ የተቀላቀለበት ይሁን። ማሰሮው ጠበብ ቢል አይከፋውም።

እምቡጥ ከያዘ በኋላ ከቦታው አታንቀሳቅሱት፣ ማሞቂያ አጠገብም አታድርጉት፤ ያኮርፍና እምቡጡን ያራግፋል። ድመትና ውሻ ላላችሁ፣ መርዛማ አይደለም።

ማባዛት ቀላል ነው። ከጫፉ ሁለት ሦስት አንጓ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ የታችኛውን አንጓ ግማሽ ያህል እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉ። ሲያቆጠቁጥ ሥር ይዟል፤ ያኔ ለጎረቤትም ይተርፋል።